ሃንጉል በእስክሪብቶና በምላስ፦ የኮሪያን ፊደል መማሪያና ማክበሪያ መመሪያ

የኮሪያ ድራማ ስታዩ በየሱቁ በር ላይ የሚታየው ጽሑፍ የቻይና ፊደል ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። ቻይንኛ ለማንበብ በሺህ የሚቆጠሩ ምልክቶችን ማወቅ ያስፈልጋል። የኮሪያው ሃንጉል መሠረታዊ ፊደሎቹ 24 ብቻ ናቸው፤ 14 ተነባቢና 10 አናባቢ። ከ"ሀ" እስከ "ፐ" ከ200 በላይ ቅርጽ ሸምድዶ ላደገ ሰው ይሄ ቀላል ነው።

ግን እንደ ሀሁ አትሸምድዱት። ብዙ ጀማሪ የፊደል ሰንጠረዥ ከኢንተርኔት አውርዶ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ በሳምንቱ ግማሹን ይረሳል። ሃንጉል አፍን በመሳል የተሠራ ፊደል ነው። ስለዚህ እዚህ ሰንጠረዥ አታገኙም። እኔ ቅርጹን እናገራለሁ፣ እናንተ ትስላላችሁ። የሚያስፈልጋችሁ ወረቀት፣ እስክሪብቶና የራሳችሁ ምላስ ነው። ስትጨርሱ የሣላችሁትን ከስልካችሁ የኮሪያ ኪቦርድ ጋር ታመሳክራላችሁ።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጻፋችሁ በፊት፦ ፊደሉን ማን አወጣው?

ንጉሥ ሴጆንግ ነው፤ በ1443። ከዚያ በፊት ኮሪያውያን የሚናገሩት ኮሪያኛ፣ የሚጽፉት ግን በቻይና ፊደል ነበር። ያንን ለመማር ዓመታት ይፈጃል። እርሻ ላይ የሚውል ሰው ደግሞ ያን ያህል ጊዜ የለውም። ሴጆንግ በ1446 ፊደሉን ይፋ ሲያደርግ ምክንያቱን በመግቢያው ላይ አስቀምጧል። ተራው ሕዝብ የሚናገረው እያለው በጽሑፍ መግለጥ ስላቃተው አዝኖ 28 አዲስ ፊደሎች ማውጣቱን፣ ሁሉም በቀላሉ ተምሮ በየዕለቱ እንዲገለገልባቸው መፈለጉን ይናገራል። ሰነዱም ፊደሉም ያኔ የተጠሩት ሁንሚን ጆንግእም ተብለው ነው፤ ሕዝብን ለማስተማር የሚሆኑ ትክክለኛ ድምፆች እንደማለት።

ቤተ መንግሥቱ በሙሉ ደስ አላለውም። በ1444 ቼ ማሊ የሚባል ከፍተኛ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የተቃውሞ ጽሑፍ አቀረበ። የራሳቸው ፊደል ያላቸው እነ ሞንጎልና ጃፓን አረመኔዎች ናቸው፤ እኛ ከቻይና ሥልጣኔ ተለይተን ከነሱ እንመደብ ወይ? የሚል ነው ነገሩ። ሴጆንግ ተቆጥቶ አሰራቸው፣ በማግስቱ ፈታቸው።

ለእኛ ትምህርት የሚጠቅመው ግን ከዚሁ ሰነድ ጋር የወጣው ማብራሪያ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ለምን ያንን ቅርጽ እንደያዘ ይተነትናል። ለዘመናት ጠፍቶ ኖሮ በ1940 አንድ ቅጂ ተገኘ፤ በ1997 ዩኔስኮ በዓለም የመዛግብት ቅርስነት መዝግቦታል። በማብራሪያው መጨረሻ ላይ ጆንግ ኢንጂ የተባለው ምሁር፣ ብልህ ሰው ጠዋቱ ሳያልቅ፣ ሞኝም ቢሆን በአሥር ቀን ይማረዋል ብሎ ጽፏል። ከሁለቱ መሃል የሆነ ቦታ ራሳችሁን መድቡ።

1. አምስቱ ሥሮች

ፊቱን ወደ ግራ ያዞረ ሰው በጎን ስታዩት አስቡ። የአፉ ውስጥ ቢታይ ምላሱ ምን ይመስላል?

"ግ" በሉ። የምላስ ሥር ተነሥቶ ጉሮሮን ይዘጋል። አሁን ከግራ ወደ ቀኝ አግድም መስመር ስባችሁ፣ እስክሪብቶውን ሳታነሡ ወደ ታች አውርዱት። ይህ ግ ነው።

"ን" በሉ። የምላስ ጫፍ ከፊት የላይኛውን ድድ ይነካል፣ የቀረው ይተኛል። ከላይ ወደ ታች ጀምራችሁ ወደ ቀኝ እጠፉት። ይህ ን ነው።

"ም" ስትሉ አፍ ይገጥማል። አራት ማዕዘን ሣሉ።

"ስ" ስትሉ አየሩ በጥርስ መሃል ያልፋል። ሁለት ዘንበል ያሉ እግሮች ሣሉ፣ እንደ ጥርስ ጫፍ። የኛን "ለ" ይመስላል፤ መጀመሪያ ሰሞን "ል" ብላችሁ እንዳታነቡት።

አምስተኛው የጉሮሮ ቅርጽ ነው፤ ክብ። ከአናባቢ በፊት ሲመጣ ድምፅ የለውም፣ ቦታ ብቻ ይይዛል። የኛም ዓይኑ "ዐ" ክብ ናት። እሷም በግእዝ የጉሮሮ ድምፅ ነበረች፤ በአማርኛ ድምፁ ጠፍቶ አናባቢ ተሸካሚ ሆና ቀርታለች። አንዱ ከሌላው አልተወረሰም፣ ግጥምጥሞሽ ነው። ለማስታወስ ግን ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም።

አምስቱን ድምፃቸውን እያሰማችሁ ደጋግማችሁ ጻፉ። አፋችሁ ዝም ብሎ እጃችሁ ብቻ ከጻፈ ሽምደዳ ነው የሆነው።

2. መስመር ሲጨመር ድምፁ ይጠነክራል

ብልሃቱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ቀሪዎቹ ተነባቢዎች አዲስ ቅርጽ አይደሉም። ከአምስቱ አንዱን ይወስዱና መስመር ይጨምሩበታል።

ግ ላይ መሃሉ ላይ አግድም መስመር ጨምሩ፤ ክ ይሆናል። ን ላይ ከላይ ክዳን ድፉበት፤ ድ ነው። በክዳኑና በወለሉ መካከል ሌላ መስመር ጨምሩ፤ ት ሆነ። የም አራት ማዕዘን ጎኖች ከላይ ብቅ እንዲሉ አርዝሟቸው፤ ብ ይሆናል። ሁለት አግድም መስመሮችን በሁለት አጫጭር ቋሚዎች ብታገናኙ ደግሞ ፕ ነው። ስ ላይ ጠፍጣፋ ክዳን ስታደርጉ ጅ ይሆናል፤ ከክዳኑ በላይ አንዲት ጭረት ስትጨምሩ ች። ክቡ ላይ አንድ መስመር፣ ከዚያ በላይ አንዲት ጭረት፦ ህ።

የቀረው አንድ ነው፤ 2 ቁጥርን በቀጥታ መስመሮች ብቻ ስትሠሩት የሚወጣው ቅርጽ። ይህ ር ነው፣ ል ነው፣ እንደ ቦታው። ማብራሪያውም ራሱ ይህኛው ከጭማሪው ሕግ ውጪ መሆኑን ያምናል።

አሁን 14 ሞሉ።

ስለ ድምፁ አንድ ነገር ልብ በሉ። የኮሪያ ክ፣ ት፣ ፕ እና ች ከኛ ይልቅ ብዙ ትንፋሽ አላቸው። ቀጭን ወረቀት ከንፈራችሁ ፊት ያዙና በሉት፤ ወረቀቱ መንቀጥቀጥ አለበት። ግ፣ ድ፣ ብ እና ጅ ደግሞ ቃል መጀመሪያ ላይ ሲመጡ ወደ ክ፣ ት፣ ፕ እና ች ይጠጋሉ፣ ያለ ትንፋሽ። ኪም የሚባለው የቤተሰብ ስም የተጻፈው በግ ነው። ቡሳን በድሮ ካርታዎች ላይ "ፑሳን" የሆነውም በዚሁ ሰበብ ነው።

3. ድርቦቹ፣ ለእኛ የተጠመደ ወጥመድ

ግ፣ ድ፣ ብ፣ ስ እና ጅ እጥፍ ሆነው ጎን ለጎን ይጻፋሉ። አምስት ጥብቅ ድምፆች ይወጣሉ። አማርኛ ተናጋሪ እነዚህን ሲሰማ ወዲያው "ቅ፣ ጥ፣ ጵ፣ ጭ" ይላል። ይቀራረባሉ፣ አንድ ግን አይደሉም። የኛ "ጥ" ስትወጣ ትፈነዳለች። የኮሪያው ጉሮሮ ይጠብቃል እንጂ ፍንዳታ የለውም። ወረቀቱን እንደገና ያዙ፦ ክ ብላችሁ ወረቀቱ ፍንክች ሳይል፣ "ቅ" የምትለዋ ቋታም ሳትሰማ ከወጣ ደርሳችኋል። ካልወጣ ለጊዜው "ቅ" በሉ፤ ኮሪያዊው ይገባዋል።

4. አናባቢ፦ ሰማይ፣ ምድር፣ ሰው

ለአናባቢዎቹ ሴጆንግ ከአፍ ወጥቶ ወደ ፍልስፍና ገባ። ነጥብ ሰማይ ናት። አግድም መስመር ምድር ነው። የቆመ መስመር ሰው ነው። ነጥቧ በጊዜ ብዛት ወደ አጭር ጭረት ተቀይራለች።

የቆመው ብቻውን "ኢ" ነው፤ የተኛው ብቻውን "እ"። በቆመው መስመር ቀኝ ጭረት ስትጨምሩ "አ" ይሆናል፣ እንደ "አባት"። በግራው "ኧ"። በተኛው መስመር ላይ ጭረቷ ከላይ ስትቆም "ኦ"፣ ከታች ስትንጠለጠል "ኡ"። ጭረቷን ሁለት ስታደርጓት ከፊት "ይ" ይገባል፦ ያ፣ የ፣ ዮ፣ ዩ። አሥሩም አለቁ።

እዚህ ጋ የኛ ሰው ይቀናዋል። በእንግሊዝኛ በኩል የሚማሩ ሰዎች "እ" እና "ኧ" ላይ ብዙ ይሰቃያሉ፤ በላቲን ፊደል ለእነዚህ የሚሆን ምልክት ስለሌለ ሁለት ሁለት ፊደል እየገጣጠሙ ይጽፏቸዋል። እኛ አፋችን ውስጥ አሉ። የደቡብ ኮሪያ ሰው ዋና ከተማውን የሚጠራት "ሰ-ኡል" ብሎ ነው፤ እኛ "ሴኡል" የምንለው በላቲን በኩል ዞሮ ስለመጣብን ነው። አንድ ማስተካከያ ብቻ፦ የነሱ "ኧ" ከኛው ትንሽ ወደ "ኦ" ያዘነብላል። አፋችሁን ከፈት አድርጉ፣ ከንፈራችሁን ግን አታሹሉ።

ከአሥሩ ተጣምረው የሚወጡ 11 ሌሎች አሉ። "ኦ" እና "አ" ሲጋጠሙ "ዋ"፣ "ኡ" እና "ኧ" ሲጋጠሙ "ወ"፣ "ኡ" እና "ኢ" ሲጋጠሙ "ዊ"። "አ" ወይም "ኧ" ከ"ኢ" ጋር ሲሆኑ ሁለቱም "ኤ" ናቸው፤ ድሮ ይለያዩ ነበር፣ ዛሬ አብዛኛው የሰኡል ሰው አይለያቸውም። የቀሩትን ስታነቡ ትለምዷቸዋላችሁ፤ አሁን አትጨነቁባቸው።

5. ሳጥን መሙላት

ፊደሎቹ እንደ ላቲን በመስመር አይደረደሩም። ለእያንዳንዱ ክፍለ ቃል አንድ ሳጥን አስቡ። ሕጉ ይሄ ነው፦

አናባቢው የቆመ ከሆነ ተነባቢው በግራ፣ አናባቢው በቀኝ። አናባቢው የተኛ ከሆነ ተነባቢው ከላይ፣ አናባቢው ከሥር። የሚዘጋ ተነባቢ ካለ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፤ ባትቺም ይሉታል። ሳጥን በአናባቢ አይጀምርም፤ ተነባቢ ከሌለ ክቡን ታስቀምጣላችሁ። ያው ክብ ወለሉ ላይ ሲመጣ ደግሞ ድምፅ ያወጣል፤ በአፍንጫ የሚወጣ "ንግ"፣ ግዋ ሳትሰማ።

እስኪ የፊደሉን ስም ጻፉ። የመጀመሪያው ሳጥን፦ ህ በግራ፣ "አ" በቀኝ፣ ን ከሥር። ሃን። ሁለተኛው፦ ግ ከላይ፣ የተኛ መስመር ከሥሩ፣ 2 መሳዩ ል ወለሉ ላይ። ግል። ሃን-ግል! እኛ በልማድ "ሃንጉል" እንላለን፣ ትክክለኛው ግን በ"እ" ነው። ይህን ስም ያስለመዱት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እነ የቋንቋ ምሁሩ ጁ ሺጊዮንግ ናቸው።

ከፊደላችን ጋር ያለውን ልዩነት አስተውላችኋል? እኛ "ሃን"ን በሁለት ፊደል እንጽፋለን፣ እነሱ በአንድ ሳጥን። እኛ "ነ፣ ኑ፣ ኒ" ስንል ተነባቢው ራሱ እግር ያወጣል፣ ይታጠፋል። እነሱ ዘንድ አናባቢው ራሱን የቻለ ፊደል ነው። መጀመሪያ ሊመጡ የሚችሉት 19፣ አናባቢዎቹ 21፣ መዝጊያዎቹ (ባዶው ተቆጥሮ) 28 ናቸው። ብታባዙት 11,172 ሳጥን ይወጣል። ማንም አልሸመደዳቸውም፤ ይገጣጥሟቸዋል።

6. ስማችሁን ጻፉ

"ሰላም"ን እንሞክር። ሰ፦ ስ እና "ኧ"። ላም፦ ል፣ "አ"፣ ም። ጻፋችሁ? ኮሪያዊ ስታስነብቡት "ሰራም" ይላችኋል። 2 መሳዩ ፊደል በሁለት አናባቢ መካከል ብቻውን ከገባ ር ነው። "ል" እንዲሆን ሁለት ጊዜ ጻፉት፤ አንዱ የመጀመሪያው ሳጥን ወለል ላይ፣ አንዱ የሁለተኛው መጀመሪያ ላይ።

"አበበ" ሦስት ሳጥን ነው፦ ክብና "አ"፣ ብና "ኧ"፣ እንደገና ብና "ኧ"። ኮሪያውያን ግን ሯጩን አበበ ቢቂላን "አቤቤ ቢኪላ" ብለው ነው የሚጽፉት። ስሙ የደረሳቸው በላቲን ፊደል ነዋ። እናንተ የተሻለ መጻፍ ትችላላችሁ።

የሌሏቸው ድምፆች አሉ። "ዝ" የለም፣ በጅ ይተካል፤ ዘነበች "ጀነበች" ትሆናለች። "ፍ" የለም፣ በፕ ይተካል። ቡናን "ከፒ" የሚሉት ለዚህ ነው፤ የቡና አገር ሰው ይቅር ይበላቸው። ስ ከ"ኢ" ጋር ሲገጥም "ሺ" ይሆናል፤ ስለዚህ ፋሲል የሚባል ጓደኛ ካላችሁ "ፓሺል" መሆኑን ቀስ ብላችሁ ንገሩት። ለቀ፣ ጠ እና ጨ ድርቦቹን ተጠቀሙ።

7. እንደተጻፈ የማይነበበው

ሁለት ሦስት ሕግ አለ። ሳጥኑ ወለል ላይ የትኛውም ፊደል ቢቀመጥ የሚሰማው ከሰባት ድምፅ አንዱ ነው፦ ክ፣ ን፣ ት፣ ል፣ ም፣ ፕ እና ንግ። ስ ወለሉ ላይ ከሆነ "ት" ይባላል፤ ጅ እና ችም እንደዚያው። ቀጣዩ ሳጥን በባዶው ክብ ከጀመረ ግን ወለሉ ላይ ያለው ወደዚያ ይሻገራል። "ሃንጉክ" ኮሪያ ማለት ነው፤ ቋንቋውን ለማለት ክብና "ኧ" ስትጨምሩበት "ሃንጉገ" ይሆናል።

ሦስተኛው ሕግ ከድራማ የምታውቁት ቃል ውስጥ አለ። አመሰግናለሁ ሲሉ "ካምሳሃምኒዳ" ነው የምትሰሙት። የተጻፈው ግን "ጋምሳሃብኒዳ" ነው። የመጀመሪያው ግ ቃል መክፈቻ ላይ ስለሆነ ወደ ክ ተጠጋ፤ ብ ደግሞ ን ስለተከተለው ወደ ም ለሰለሰ። ይህን ቃል አምስት ሳጥን አድርጋችሁ ጻፉት።

ከዚያ ይህን ሞክሩ። የመጀመሪያው ሳጥን፦ ች ከላይ፣ "ኡ" ከሥሩ፣ ን ወለሉ ላይ። ሁለተኛው፦ ች፣ በቀኙ "ኧ"፣ ን ወለሉ ላይ። በኮሪያ ጦርነት የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች መታሰቢያ ያለባት ከተማ ናት። "ቹንቸን" ካላችሁ ማንበብ ችላችኋል።

8. ስልክ ላይ

ከኪቦርዱ የቋንቋ ቅንብር ውስጥ ኮሪያኛን ጨምሩ። በተለመደው ኪቦርድ ተነባቢዎቹ በግራ፣ አናባቢዎቹ በቀኝ ናቸው፤ በቅደም ተከተል ስትነኩ ሳጥኑ ራሱ ይገጣጠማል። ሌላ ዓይነትም አለ፤ ቾንጂኢን ይባላል። የአናባቢ ቁልፎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፦ ነጥብ፣ የተኛ መስመር፣ የቆመ መስመር። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሐሳብ ምንም ሳይቀየር ስልክ ላይ ሲሠራ ማየት ከፈለጋችሁ ይህን ምረጡ። ለመጻፍ ግን የመጀመሪያው ለጀማሪ ይቀላል።

9. በዓሉ

ፊደሉ ዛሬ ይከበራል እንጂ ለረጅም ጊዜ ተንቆ የኖረ ነው። መኳንንቱ የተራ ሰውና የሴቶች ጽሕፈት ብለው ቻይንኛቸውን ቀጠሉ። በመንግሥት ሰነድ ላይ ወግ የደረሰው በ1894 ነው። ወዲያው ደግሞ የጃፓን ቅኝ ግዛት መጣ። ለዚህ ነው በዓሉ የሚያመው ታሪክ ያለው። የኮሪያ ቋንቋ ማኅበር አባላት በ1942 መዝገበ ቃላት በማዘጋጀታቸው ታሰሩ፤ ሁለቱ እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። የተወረሰው ረቂቅ ከነፃነት በኋላ በ1945 ሰኡል ባቡር ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ተገኘ። የመጀመሪያው ቅጽ በ1947 ታተመ፤ የወጣውም በፊደሉ ቀን ነው።

በዓሉ የተጀመረው በ1926፣ በዚያው የቅኝ ግዛት ዘመን ነው። ያኔ "የጋግያ ቀን" ይባል ነበር። ልጆች ፊደል ሲቆጥሩ "ጋ፣ ግያ፣ ገ፣ ግየ" ስለሚሉ ነው፤ እኛ "የሀሁ ቀን" ብንል እንደማለት። በ1928 የሃንጉል ቀን ተባለ። ቀኑ ግን ይንከራተት ነበር፤ የ1446ቱን የጨረቃ አቆጣጠር እንዴት እንደሚለውጡት ስላልተስማሙ። በ1940 የተገኘው ማብራሪያ ወሩንና የወሩን የመጀመሪያ አሥር ቀናት ስለጠቀሰ፣ ከነፃነት ወዲህ ኦክቶበር 9 ላይ ጸና። ሰሜን ኮሪያ ፊደሉ የተፈጠረበትን ትቆጥራለች፤ ጃንዋሪ 15 ታከብራለች፣ "ሃንጉል" የሚለውንም ስም አትጠቀምም።

በደቡብ በ1991 የዕረፍት ቀንነቱ ተነሣ። የሥራ ቀን ቀነሰ የሚል ሙግት ነበር። ሰው ግን አልተወም፤ ከ2013 ጀምሮ እንደገና ሥራ ዝግ ሆነ።

ቀኑ ላይ ሰኡል ከሆናችሁ ግዋንግህዋሙን አደባባይ ሂዱ። በ2009 በዚሁ በዓል የተመረቀው የሴጆንግ ሐውልት መጽሐፍ ይዞ ተቀምጧል፤ ከሥሩ፣ ከመሬት በታች፣ ስለ ፊደሉ ነፃ ኤግዚቢሽን አለ። የ10,000 ዎን ኖት አውጥታችሁ ፊቱን አስተያዩት፤ ያው ሰው ነው። ባንዲራ ይሰቀላል፣ ለቋንቋው የለፉ ሰዎች ይሸለማሉ፣ የውጭ አገር ሰዎች በሃንጉል የሚወዳደሩበት የጽሑፍ ውድድር ይደረጋል። ከሐውልቱ ጀርባ ያለው የቤተ መንግሥቱ በር ስሙ የተጻፈው በቻይና ፊደል ነው። "በሃንጉል ይሁን" እና "ታሪክ እንዳለ ይቀመጥ" የሚሉት ወገኖች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። እኔ በቻይናው ቢቀር አልጠላም፤ ሴጆንግ ከምን ጋር እንደታገለ ከዚያ በላይ የሚያሳይ የለም።

ሰኡል ካልሆናችሁ በዓሉን ለማክበር የሚያስፈልገው ቀላል ነው። ኦክቶበር 9 ላይ የቤተሰባችሁን ስም በሙሉ በሳጥን ጻፉ፤ ኮሪያኛ የሚያውቅ ሰው ካገኛችሁ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። የተሳሳተውን አርሙና አዲሱን ወረቀት ለስሙ ባለቤት ስጡት። ከጠየቃችሁ ደግሞ "ኢትዮጵያ"ን አስጽፉት፦ ኤ፣ ቲ፣ ኦ፣ ፒ፣ አ። አምስት ሳጥን፣ ሦስት ክብ።